በሦስት መስመር ላይ ዘጠኝ ቀይ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ የ10ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በአንድ ክፍል 62 ተማሪ አለኝ። ከጥምቀት መልስ ስለ በዓሉ አንድ ገጽ ድርሰት በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። ሁሉንም ቤት ወስጄ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እያመሸሁ አረምኩ። አንዲትም ስህተት አላለፍኩም፤ እስክሪብቶ እስኪያልቅብኝ ድረስ። በሳምንቱ ሌላ አጻፍኳቸው። ያው ስህተት፣ ያው ቦታ ላይ። እርማቴን ያየው ያለ አይመስልም። አንዱ ልጅ ጭራሽ 3 መስመር ብቻ ጽፎ ሰጠኝ። ለምን ስለው ‹ቲቸር፣ ብዙ ከጻፍኩ ብዙ እሳሳታለሁ› አለኝ። በዚያች 3 መስመር ላይ ራሱ 9 ቦታ ቀይ አድርጌበታለሁ። ከ10 3 ሰጠሁት። ጽሑፉን ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ‹የ12ኛ ክፍል ፈተና ማጥቆር ነው፤ ድርሰት አይጠይቅ፤ ምን አደከመሽ› ይሉኛል። እውነታቸውን ይሆን? ልተወው?»

ልጁ የጻፈው ይህ ነው። በእኛው ፊደል ላስቀምጠው። «ማይ ግራንድማዘር ዘይ ላቭ ጥምቀት። ዚስ ይር ዜር ሌግ ኢዝ ኖት ጎ። ሶ አይ ብሪንግ ዘም ዘ ዋተር ዊች አይ ፑት ኢት ኢን ቦትል።»

ልጄ፣ እንደምን ነሽ? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የልጁን 3 መስመር ግን ስንት ጊዜ እንደተመለስኩበት እኔው አላውቅም።

ቀዩን ለጊዜው እንርሳውና ልጁ ያለውን እንስማ። አያቱ ጥምቀትን ይወዳሉ። ዘንድሮ እግራቸው አልሄድ አላቸው። እሱ ጥምቀተ ባሕሩ ድረስ ሄዶ ውሃውን በጠርሙስ ይዞላቸው መጣ። እኔ ይህን ሳነብ እኚያን ሴት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁት አየኋቸው። ሌሎቹ ልጆች ምን እንደጻፉ አላየሁም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል እዚሁ ጎንደር አስተምሬያለሁና መገመት አያቅተኝም። «ጥምቀት በአገራችን ከሚከበሩ በዓላት አንዱ ነው» ብለው ይጀምራሉ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ተመዘገበ ብለው ይጨርሳሉ። ልክ ነው፤ ሰዋስውም ብዙ አይጎድለውም፤ ምክንያቱም ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው። የዚህ ልጅ ግን የራሱ ነው። የራሱን ሊናገር ሲል ነው የተሳሳተው።

አሁን ወደ ቀዩ እንምጣ።

«ማይ ግራንድማዘር ዘይ» የሚለው ላይ «ዘይ»ን ሰርዘሽ «ሺ» ብለሽ እንደጻፍሽ እገምታለሁ። እርማቱ ትክክል ነው። ግን ልጁ ለምን «ዘይ» አለ? ነጠላና ብዙ ጠፍቶት አይደለም። አያቱን የሚጠራው «እሳቸው» ብሎ ነው። «አያቴ ጥምቀትን ይወዳሉ» ይላል። «ይወዳሉ» ደግሞ ለእሳቸውም ለእነሱም ያው አንድ ቃል ነው። «ሺ» ብሎ መጻፍ ለእሱ አያቱን «እሷ» እንደማለት ነው፤ እጁ እሺ አይለውም። እንግሊዝኛ ለአክብሮት የተለየ «እሳቸው» የለውም። ንግሥትም ብትሆን «ሺ» ናት። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረውም። ከቀይ መስመር የተረዳው «ዘይ ስህተት ነው» የሚል ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አጎቱ ሲጽፍ እንደገና «ዘይ» ይላል፤ አንቺም እንደገና ትሰርዣለሽ። ይህ ስህተት የመጣው ከጨዋነቱ መሆኑን ብትነግሪው ግን ልጁ ቀና ይላል። ከዚያ በኋላም አይረሳውም።

«ዘ ዋተር ዊች አይ ፑት ኢት» የሚለውን ደግሞ በደንብ እንየው፤ ከሁሉም የሚያስተምረው ይህ ነው። የስንት ልጅ ደብተር ላይ አይቼዋለሁ መሰለሽ። «የገዛሁት መጽሐፍ» ለማለት «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት»። «ያገኘሁት ልጅ» ለማለት «ዘ ቦይ ሁ አይ ሜት ሂም»። እስቲ «የገዛሁት» የሚለውን ቃል በታትኚው። «የ»፣ «ገዛሁ»፣ «ት»። መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ሥራዋ ምንድን ነው? መጽሐፉን ማመልከት ነው። የእንግሊዝኛው «ኢት» ማለት እሷ ናት። አማርኛ ያለሷ አይሆንለትም፤ «የገዛሁ መጽሐፍ» ብትዪ ጆሮ ይኮረኩራል። ልጁ እንግዲህ ከአማርኛው አንዲት ፊደል ሳያስቀር ወደ እንግሊዝኛ አሻገራት። በእንግሊዝኛ ግን «ዊች» ስትዪ መጽሐፉን አንዴ ጠቅሰሽዋል፤ ሁለተኛ አይጠቀስም። ይህን ሰሌዳ ላይ በትነሽ አሳያቸው። 5 ደቂቃ ይበቃል። ክፍሉ ውስጥ «አሃ!» ሲሉ ትሰሚያለሽ። ለኔ ከማስተማር ሁሉ የሚጣፍጠኝ ያቺ ድምፅ ነበረች።

«ዜር ሌግ ኢዝ ኖት ጎ» ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው የአባባል ጉዳይ ነው። በአማርኛ እግር ይሄዳል፣ እምቢ ይላል፣ ይከዳል። እንግሊዝኛው ግን እዚህ ላይ እግሩን «አልሄደም» አይለውም፤ «መራመድ አልቻሉም» ነው የሚለው። ሁለተኛው አሉታው ነው። «አልሄደም» ስንል በአንድ ቃል ውስጥ አለመሆኑም፣ ያለፈ መሆኑም፣ የሄደው ማን እንደሆነም አለ። እንግሊዝኛ ለዚህ «ዲድ» የምትባል ረዳት ያስገባል። «ዲድ» በአማርኛ ምንም አቻ የላትም፤ ስለዚህ ልጁ የሚያውቃትን «ኢዝ» ተበደረ። ጥቂት ቆይቶ «ዲድ ኖት ዌንት» ብሎ ይጽፍልሻል። ያን ጊዜ እንዳትበሳጪ። ያ ወደፊት አንድ እርምጃ ነው። «ዲድ» እንደምታስፈልግ ገብቶታል፤ የቀረው ያለፈውን ጊዜ ሁለት ቦታ አለመጻፍ ብቻ ነው።

«ብሪንግ» ለሚለው «ብሮት» ማለት ነበረበት። ይህን ግን የሚያውቅ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1967 ፒት ኮርደር የሚባል የቋንቋ ምሁር ይህን ነገር ለይቶ አስቀምጦታል። ሰው ቸኩሎ ወይም ደክሞት የሚስተው አለ። ገና ሥርዓቱ ስላልገባው የሚስተውም አለ። የመጀመሪያውን ራሱ ያርመዋል። ሁለተኛው ግን ተማሪው በዚያ ሰዓት በጭንቅላቱ ውስጥ ምን ዓይነት እንግሊዝኛ እንደሠራ ያሳይሻል። የምትለዪበት መንገድ ቀላል ነው። ልጁን ጠርተሽ «ጮክ ብለህ አንብብልኝ» በዪው። ሲያነብ ቆም ብሎ ካረመው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ቀይ አያስፈልገውም፤ አስረክቦ ከመሄዱ በፊት አንዴ እንዲያነበው 3 ደቂቃ ስጪው።

«ኢን ቦትል» ላይ «ኤ» ቀርታለች። ይህ ለኛ ሰው ሁሉ ፈተና ነው። «ጠርሙሱ» ስንል መጨረሻዋ ላይ ያለችው ድምፅ «ዘ» ናት፤ ለ«ኤ» ግን የግድ የምንለው ቃል የለንም፤ «በጠርሙስ» ብለን እናልፋለን። ለልጆችሽ እንዲህ በያቸው። በአማርኛው «ቤተ መንግሥቱ» ወይም «ልጅቷ» የምትሉ ከሆነ «ዘ» አስገቡ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ እኛ ዓባይ ስንል ምንም አንጨምርም፤ እነሱ ግን «ዘ ናይል» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ያወጣል።

ከሌሎቹ ወረቀቶች ላይ ደግሞ ምን እንዳለ ልገምት። «ምንም እንኳን ዝናብ ቢዘንብም ሰው ግን ወጣ» ብለን ስለምንናገር፣ «ኦልዞው» ብለው ጀምረው መሐል ላይ «በት» ይጨምራሉ። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዷን ብቻ ነው የሚፈልገው። «እንደመጣ ነገረኝ» ለማለት «ሂ ቶልድ ሚ አዝ ሂ ኬም» ይላሉ፤ «እንደ» ሁሉ ለእነሱ «አዝ» ናት። «ከ2010 ጀምሮ አዘዞ እኖራለሁ» ለማለት «አይ ሊቭ» ይላሉ፤ እንግሊዝኛው እዚህ ጋ «አይ ሃቭ ሊቭድ» ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ለማለት «ዲስከስ» ላይ «አባውት» ይለጥፋሉ። መረጃዎች፣ ምክሮች፣ የቤት ሥራዎች ስለምንል «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «አድቫይስስ»፣ «ሆምወርክስ» ይወለዳሉ። ካፒታል ሌተር የሚረሱት ደግሞ በሰነፍነት አይደለም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም።

አንድ የማይሳሳቱበት ነገር እንዳለስ አስተውለሻል? አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ እንግሊዝኛ መሐል ላይ። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ከዚህ የሚሰፋ ልዩነት ፈልገሽ አታገኚም። 10ኛ ክፍል ደርሶ ግን «አይ እንጀራ ኤት» ብሎ የጻፈ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። ትልቁን ልዩነት ሁሉም ያየዋል። የሚያደናቅፈው ሁለቱ ቋንቋዎች የተመሳሰሉ በሚመስሉበት ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ነው እነዚህን ጥቃቅኖች እየጠቆሙ ማሳየት የሚያስፈልገው።

ስለ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችም ልንገርሽ፤ ይህ ከቃላቱ ይልቅ ያሳስበኛል። «ጠዋት ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ፣ ከእናቴ ጋር ወጥቼ፣ ፒያሳ ላይ ጓደኞቼን አግኝቼ፣ አብረን እየዘፈንን ወረድን» ማለት በአማርኛ ያምራል። ቦዝ አንቀጹ ሥራውን ይሠራል። «ተነስቼ» ሲል አድማጩ ሐሳቡ ገና እንዳላለቀ ያውቃል። በእንግሊዝኛ ይህንኑ በኮማ ሲደረድሩት ግን እያንዳንዱ ግሥ ብቻውን የቆመ ዓረፍተ ነገር ይሆንና ይጋጫል። ልጆቹን «ኮማ አታብዙ» ብትያቸው አይገባቸውም። ይልቅ «በአማርኛ አራት ነጥብ እስክትደርሱ ስንት ሰው፣ ስንት ሥራ አለፋችሁ? ለእንግሊዝኛው ሁለት ሁለቱን እየያዛችሁ ፉል ስቶፕ አድርጉ» በያቸው። ያ ልጅ በነገራችን ላይ ይህን ስህተት አልሠራም። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው የጻፈው። ከ10 ሦስቱን ለዚህ ብቻ ብትሰጪውስ?

አሁን ስለ 62ቱ። ልጄ፣ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ማምሸትሽን አደንቃለሁ፤ ግን አቁሚው። እኔም በወጣትነቴ እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ያረምኩለትን ወረቀት ገና ከበሩ ሳይወጣ ማርኩን ብቻ አይቶ አጣጥፎ ኪሱ ሲከተው አየሁ። ለዚያች ወረቀት ግማሽ ሰዓት ፈጅቼባት ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። ቆይቼ ሳስበው ግን ልጁ ምን ማድረግ ነበረበት? ሥራውን ሁሉ እኔ ሠርቼለት፣ ለእሱ የቀረለት ማፈር ብቻ ነበር።

ይህ ጉዳይ በምሁራኑም ዘንድ አከራክሯል። ጆን ትረስኮት የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 የሰዋስው እርማት ጥቅም የለውም፣ ይጎዳልም፣ ጭራሽ ይቅር እስከማለት ደርሶ ነበር። ዳና ፌሪስ በ1999 መልስ ሰጠችው፤ ተመርጦና ግልጽ ሆኖ የሚሰጥ እርማት ይረዳል አለች። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ላይ እርማቱ በአንድ ጠባብ ነገር ላይ ብቻ ሲያተኩር፣ ለምሳሌ በ«ኤ» እና በ«ዘ» አጠቃቀም ላይ፣ ተማሪዎች ተሻሽለው ታይተዋል። እኔም በክፍሌ ያየሁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ገጽ ሙሉ አታጽፊያቸው፤ አንድ ፓራግራፍ ይበቃል። ከመጻፋቸው በፊት የሳምንቱን ጉዳይ ንገሪያቸው፦ «በዚህ ሳምንት የማየው ‹ዊች... ኢት›ን ብቻ ነው»። ስታርሚም እሷን ብቻ ፈልጊ። ሌላውን እያየሽ እለፊው። መጀመሪያ ላይ እጅሽን ይበላሻል፤ ታገሺው። ስህተቱን ስታገኚ መልሱን አትጻፊለት፤ በመስመሩ ዳር ነጥብ ብቻ አድርጊ። የት እንዳለች ይፈልግ፣ ራሱ ያርም፣ መልሶ ያሳይሽ። በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ በግራ በኩል የተሳሳተውን፣ በቀኝ ያረመውን ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ የየራሱን ስህተት የሚያውቅ ተማሪ ይኖርሻል። አብዛኛው ሰው የሚደጋግመው ሦስት አራት ዓይነት ስህተት ብቻ ነው።

የተወሰኑ ዓረፍተ ነገሮችንም መርጠሽ፣ የማን እንደሆኑ ሳትናገሪ፣ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ ክፍሉ በአንድነት ያርማቸው። በዚያው ልክ የሚያምሩትንም አውጪ፤ እነዚህን እንኳ ከነስማቸው።

«ሂ ጎ» ሲሉሽ ደግሞ እንዳታብጂ። «ሂ ጎዝ» የምትለዋ «ኤስ» ለኛ ልጆች ብቻ አይደለም የምትከብደው። በየአገሩ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሰዎች በጣም ዘግይተው ከሚያዙት ነገሮች አንዷ መሆኗ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። ሕጉን በቃሉ የሚነግርሽ ልጅ ሲጽፍ ይረሳታል። አስታውሺያቸው እንጂ ማርክ አትቁረጪባት።

ማርኩንም ለሁለት ክፈይው፤ ግማሹን ለሐሳቡ፣ ግማሹን ለዚያ ሳምንት ሰዋስው። እንዲህ ሲሆን 3 መስመር የጻፈው ልጅ አራተኛ መስመር ቢጨምር የሚያጣው ነገር አይኖርም።

ጓደኞችሽ ስለ ፈተናው ያሉት እውነት ነው፤ የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ልጁ መልስ ይመርጣል እንጂ አይጽፍም። ግን ከዚያስ? ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርት ጻፍ ይባላል። ሲመረቅ የጥናት ጽሑፍ ይጠየቃል። እኛ ደግሞ ያለነው ከእ.ኤ.አ. 1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን በኖረች ከተማ ነው። ከልጆችሽ መካከል ነገ ነጭ ጋወን የሚለብስ አይጠፋም። የሕመምተኛ ካርድ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው። መድኃኒቱ «ተሰጥቷል» እና «ይሰጣል» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ያን ጊዜ የቴንስ ጥያቄ ብቻ አይሆንም። በምሽት የገባችው ነርስ የቀኑ ተረኛ የጻፈውን አንብባ ነው ሁለተኛ መርፌ የምትወጋው ወይም የምትተወው። ይህን ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው። ለልጆቹም ንገሪያቸው፤ ለምን እንደሚጽፉ ሲያውቁ ይጽፋሉ።

ስለዚህ አትተዪው። አሳንሺው እንጂ አትተዪው።

ያንን ልጅ ሰኞ ጥሪው። ወረቀቱን አዲስ ገጽ ላይ በእጅሽ ገልብጪለት፤ ቀይ የሌለበት ይሁን። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ በዪው፤ ከኔም ጭምር ንገሪው። «ዘይ»ን እና «ኢት»ን አብራችሁ እዩ፤ ሌላውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ውሃውን ሲሰጣቸው አያቱ ምን አሉ? መልሱን በእንግሊዝኛ ይጻፍልሽ። ለኔም ላኪልኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።